አጥር ያለው አልጋ

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እቴቴ፣

ተቆጥተሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ሾፌሩ ዱጉማ ትናንት ከወራቤ ሲመለስ ሱቅ ድረስ አመጣልኝ። መጀመሪያ አኮረፍኩ፣ ቀጥዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በስንት ዱዓ ያገኘሽውን ልጅ ከጉያሽ አውጥተሽ አጥር ውስጥ ልትከቺው ነው ወይ ብለሻል። እውነትሽን ነው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ "እኔን ከአልጋሽ እንዴት አወጣሽኝ?" ብዬ ብቻ ከጠየቅኩሽ ሌላ ምን ልትይ ኖሯል? አፉ በይኝ።

በስልክ መናገር አልቻልኩም። ጆሮሽ ከከዳሽ ወዲህ ስልክሽን የምታነሳው ጎረቤትሽ ሀያም ናት። ጨዋ ሴት ናት፣ አላማትም፤ ግን እኔ የነገርኳትን ጆሮሽ ሥር ስትጮህልሽ የወራቤ ገበያ ግማሹ ይሰማል። በስልኩ በጽሑፍ ብልክልሽም የምታነብልሽ እሷው ናት። ስለዚህ ይኸው ወረቀት፣ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ፣ ለዓይንሽ እንዲመች።

እቴቴ፣ ነሐሴ ላይ ጣለኝ። ጓዳ ሆኜ ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሬድዋን ፊቴ ላይ ጎንበስ ብሎ ስሜን ሲጠራ ነው። የአራስነት ድካም ነው ተባብለን ዝም አልን። መስከረም ላይ ደገመኝ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሄድን፣ ጭንቅላቴን በማሽን አዩት፣ የሚጥል በሽታ ነው አሉኝ። ክኒን ጀምሬያለሁ። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ እየዋጥሽ ማጥባት ትችያለሽ፣ ጡት አታቋርጪበት አለችኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ከለከለችኝ፤ ከልጁ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዳልተኛ። ክኒኑ እንቅልፌን ያከብደዋል፣ በሽታው ደግሞ መጣሁ ብሎ አይነግርም። እላዩ ላይ ብወድቅበት እንኳ አላውቅም። ይህን ስትነግረኝ ኢምራን ጭኔ ላይ ሆኖ ሂጃቤን እየጎተተ ይስቅ ነበር። ፈራሁ፣ እቴቴ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እሱ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ጡት አፉ ውስጥ ሆኖ ነው የሚተኛው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ታውቂው የለ? እዚህ ሰፈር ልጅ አቅፎ መተኛት ፍቅርም ነው፣ ማሞቂያም ነው። አሁን ሬድዋን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ አብሮት ይተኛል። ልጁ የአባቱን ደረት ዳብሶ ዳብሶ ጡት ሲያጣበት ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ተነስቼ ግድግዳ ተደግፌ አጠባዋለሁ፤ መልሼ ሳስቀምጠው ይነቃል። ማናችንም አንተኛም። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በሽታውን ይቀሰቅሰዋል ተብያለሁ። ሬድዋን ባለፈው እንቅልፉን እየታገለ ሱቅ ውስጥ የደንበኛ መጋረጃ አሳጥሮ ቆርጦ አረፈው።

አማቴ እትዬ ደሳለች ልጃቸውን መሬት ላይ ተኝቶ ስላዩት የተጣላን መስሏቸዋል። ስለ ሕመሙ አያውቁም። አትንገር ያልኩት እኔ ነኝ።

ሬድዋን የሚለው ልጁ ከእናቴ ጋር ይተኛ፣ ጡጦ እናልምደው ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እስከ ታህሳስ መጨረሻ ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። እስከዚያ ኢምራን በራሱ አልጋ፣ እኔ አጠገብ መተኛት ካልለመደ ጡቴን ሊያጣ ነው። እኔም እሱን ላጣው ነው፤ ግድግዳ ማዶ ሆኖ እያለቀሰ እኔ እዚህ ተኝቼ የማድር ይመስልሻል?

ባለ አጥሩ የልጅ አልጋ እንኳ ከተገዛ ቆይቷል። ሬድዋን ሱቅ አልበቃው ያለውን መጋረጃና ብርድ ልብስ ይከምርበታል። ልጃችን አልጋ ላይ ባይተኛም መጋረጃዎቻችን ይተኛሉ። በይ እንግዲህ እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ እኔን እንዴት አወጣሽኝ?

ልጅሽ ጀዊሪያ


ወራቤ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀዊሪያ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ሰላምታዬ በውጭ በርሽ ይግባና ቤቱን ሁሉ ይዙር፤ ሬድዋንን ከነድካሙ፣ ወይዘሮ ደሳለችን ከነክብራቸው፣ ኢምራንን ሁለቱን ጉንጮቹን ለየብቻ ይሳምልኝ። እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ። የጆሮዬም ነገር ክፋት ብቻ አይደለም፤ ሰሞኑን የሀያም በግ ሲጮህ እያደረ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማርር እኔ ብቻ ተኝቼ አድራለሁ። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብዬ ያስተማርኩሽን ልብ ብትይ አንቺም እንዲህ ትጀምሪ ነበር። አንቺ የጀመርሽው በቁጣዬ ነው።

ቁጣዬን መልሼ ወስጃለሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲያ ምሳዬ ሳይበላ ቀዘቀዘ። ከሁሉ በፊት ግን በቁራጭ ወረቀት ለብቻዋ ጽፈሽ የላክሻትን ጥያቄ ልመልስ። አላፈርኩብሽም። በምን አፍርብሻለሁ? ሕመም እኮ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብትደግሚ አሮጊት ነች አትመጣም እንዳትይ፣ መጥቼ ጆሮሽን እቆነጥጠዋለሁ። አላህ ያሽርሽ። ክኒንሽን በሰዓቱ ዋጪ።

አሁን ወደ አልጋው። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ስትሞት አንቺ የኢምራንን ያህል ነበርሽ። ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡሽ። ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ መምህር ነበርኩ። ጡት ፈልገሽ ደረቴን ስትዳብሺ ምን ልስጥሽ? ጡጦውን ሰጥቼ፣ አቅፌሽ እተኛለሁ። አልጋዬ ግን ለአንድ መምህር እንኳ የሚጠብ ነበር። የትምህርት ቤቱ አናጢ ከተሰባበረ ዴስክ ትንሽ አልጋ ሠራልሽ። ገና ጀርባሽ ሲነካው አገር ይያዝልኝ አልሽ።

ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ልጅ አዲስ አልጋን እንደ አዲስ ሰው እንደሚያየው ነው። ሳይተዋወቁ አብረህ እደር አይባልም። ስለዚህ መጋረጃውን አውጪና በቀን ጀምሪ። ነቅቶ፣ ጠግቦ፣ ደስ ብሎት ሳለ እዚያ ውስጥ አጫውቺው። ከዚያ የቀን እንቅልፉን እዚያው ይተኛ። ማታው በኋላ ይመጣል።

አንሶላውን መጀመሪያ አንቺ ተኝተሽበት እደሪ። ከዚያ ሳታጥቢው ፍራሹ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ወጥሪው፤ እናቱን እያሸተተ ይተኛ። ልቅ የሆነ ጨርቅ፣ ትራስ፣ ምን የመሰለ ብርድ ልብስ ከአልጋው ውስጥ አይግባ፤ ይበርደዋል ካልሽ ደራርበሽ አልብሺው። ተቀምጠሽ አጥቢው። ዓይኑ ከብዶ፣ ግን ጭልጥ ሳይል፣ በጀርባው አስተኚውና እጅሽን ደረቱ ላይ አሳርፊ። ካለቀሰ አንሺው፤ ሲረጋ መልሺው። አልቅሶ አልቅሶ ይለምዳል የሚልሽን ሰው አትስሚ። አንቺ ታለቅሺ የነበረው ልትጠሪኝ ነበር፣ እኔም እመጣ ነበር፤ እንደምመጣ ስታውቂ ነው መጥራቱን የቀነስሽው። አልጋው ካንቺ አልጋ አይራቅ።

ሌላው ነገር፣ ለአማትሽ ንገሪያቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንድ ቤት እየኖሩ ሴት ከሴት ይህን መደበቅ አይሆንም። አስቢበት።

እቴቴሽ ረይሃና


ጉለሌ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ እቴቴ፣

ለአንቺ፣ ለሀያም፣ ለበጓም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ይኸው በሰላምታ ጀመርኩ፣ እርማት አይብዛብኝ። ጤናዬን ብትጠይቂኝ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ አልጣለኝም። ጉንፋን ብቻ ይዞኛል፤ አፍንጫዬ ተዘግቶ የወጥ ማረር እንኳ አይሸተኝም።

መጋረጃውን አወጣሁት። ሬድዋን ቤት የለቀቀ ተከራይ ያስወጣሁበት ይመስል ፊቱን አጨፈገገ። ከዚያ ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። ኢምራን አጥሩን ይዞ እየተነሳ ይጫወታል፣ ዘንጉን ይልሳል፣ ይስቃል። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት የተኛሁበትን አንሶላ ወጥሬ፣ ተቀምጬ አጥብቼ፣ ዓይኑ ሲከብድ አጋደምኩት። እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ተኛ! እቴቴ፣ ተኛልኝ። መጮህ አማረኝና አፌን በእጄ ያዝኩት። ለሬድዋን ደውዬ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ እሱም ከሱቅ ሆኖ በሹክሹክታ መለሰልኝ። ደንበኞቹ ምን እንዳሉ እንጃ።

ግን በቃ፣ ያቺው ናት። ከረቡዕ ጀምሮ አልጋውን ሲያይ ሰውነቱን ያጠነክራል፣ ሳጋድመው እሾህ የተነጠፈበት ይመስል ይንፈራገጣል። አንስቼ አረጋጋዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ይባስ። አንድ ቀን እኔም አብሬው እያለቀስኩ ሬድዋን መጣ። ማታውን ጡጦ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት አየሁ። እኔ አላነሳሁትም፣ እሱም አላነሳውም፤ እዚያው ተቀምጦ ያየኛል።

እትዬ ደሳለች ደግሞ አሉልሽ። ስድስት ወልጄ ስድስቱንም በጉያዬ ነው ያሳደግኩ፣ አንዱንም እንደ ዶሮ በአጥር አላኖርኩም ይሉኛል። ለኔ በቀጥታ አይሉም፤ ለኢምራን ነው የሚነግሩት፣ እኔ እንድሰማ። "አይዞህ የኔ ጌታ፣ ዘመኑ ነው" ይሉታል። እኔም ምላሴን ነክሼ አልፋለሁ። በሥራ ግን ነፍስ ናቸው። እኔ ከመነሳቴ ቤቱ ተጠርጓል፣ ልብሱ ታጥቧል፤ ንጽሕና ላይ ቀልድ አያውቁም።

ንገሪያቸው ያልሽውን አልቻልኩም። የምን ኩራት ነው ብትይኝ፣ ኩራት አይደለም። መስከረም ላይ፣ ከሐኪም በተመለስን ሰሞን፣ ጎረቤታችን ኢየሩ ቤት ተቀምጠን ወሬ ተነሳ። እትዬ ደሳለች በአገራቸው በወሎ ስለምትኖር አስቻለች ስለምትባል ሴት ያወሩ ጀመር። ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ እያያት ጣላት አሉ። ከማዕዷ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ይተላለፋል ብሎ፣ ጂን ነው ብሎ። ይህን ስሰማ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነው አፌን የዘጋሁት። እንደ አስቻለች ከማዕዴ ሰው እንዲነሳብኝ፣ ከልጄም እንድለይ አልፈልግም።

ምን ላድርግ? ኅዳርም እየሄደ ነው።

ጀዊሪያ


ወራቤ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀዊሪያ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ዱጉማ ሞተሩን አስነስቶ ነው የሚጠብቀኝ፣ የመኪናውን ጩኸት ባልሰማም ፊቱን አያለሁ።

አንድ ጊዜ የተኛ ልጅ መተኛት ይችላል። ስለዚህ ልጁን ተዪውና ያን ማክሰኞን መርምሪው። የዚያን ቀን የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የሌለ ነገር ምንድን ነው? ወይም የዚያን ቀን ያልነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ? እኔ እዚህ ሆኜ አላውቀውም። አንቺ ታገኝዋለሽ።

የአስቻለችን ነገር በደንብ አነበብኩት። አንድ ነገር ጎደለብኝ። ውሃ ላምጣ ብለሽ ወጣሽ። ወይዘሮ ደሳለች ወሬውን ምን ብለው ጨረሱት? ከማዕዱ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው የት ነበሩ? ክፍል ውስጥ ግማሽ ገጽ አንብቦ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ አልወድም ነበር፤ አሁንም አልወድም።

ጡጦውን ከጠረጴዛ ላይ አንሺና ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቺው። ዓይን ዓይንሽን አይይሽ።

ረይሃና


ጉለሌ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እቴቴ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ክፉ ወሬ አይደለም፣ ግን ረጅም ነው። መልስ ለምን ዘገየ ብለሽ በዱጉማ ላይ እንደተቆጣሽ ነገረኝ፤ እሱ ጥፋት የለበትም፣ እንቅልፍ እየተኛሁ ነው የዘገየሁት። አዎ፣ እንቅልፍ!

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ለክትትል ጳውሎስ ሄጄ ወረፋው ቶሎ ደረሰኝ። ባልተጠበቅኩበት ሰዓት ቤት ስደርስ የበረኪና ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። ጉንፋኑ ለቆኝ አፍንጫዬ ተከፍቶ ነበር። እትዬ ደሳለች ኢምራንን አዝለው ግቢ ውስጥ አንሶላ ያሰጣሉ። አየሁት፤ የኢምራን አልጋ አንሶላ ነው። የኔ አንሶላ! ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼበት፣ ጠዋት የወጠርኩት። ለካ እኔ ዘወር ባልኩ ቁጥር አውጥተው በበረኪና ይዘፈዝፉታል፣ ፀሐይ ያስመቱታል፣ መልሰው ያነጥፉታል። ልጄ እናቴን አሸታለሁ ሲል በረኪና ነበር የሚያሸተው። ያን ማክሰኞ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ምርመራሽ ይኸው፣ መምህር።

እቴቴ፣ ጮህኩባቸው። በአማቴ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ኢየሩ በአጥር እያየችን። ልጄን ልትነጥቁኝ ነው የምትፈልጉት አልኩ። ምን ያላልኩት አለ? እሳቸው ሰንደቁን እንደያዘ ሰው አንሶላውን ይዘው ቆመው አዳመጡኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ እትዬ ደሳለች ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

"የወተቱ ሽታ አስጠልቶሽ መስሎኝ ነው" አሉኝ። "አቅርሽቶብሽ ለሰላት ልብስ መለወጥ ሰልችቶሽ ያራቅሽው መስሎኝ። ንጹሕ ከሆነ መልሰሽ ታቅፊዋለሽ ብዬ ነው የማጥበው።"

በቃ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ነሐሴን፣ መስከረምን፣ ክኒኑን፣ እላዩ ላይ ብወድቅበት የሚለውን። ስጨርስ ሊጸየፉኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ኢምራንን ከጀርባቸው አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡትና አጠገቤ ተቀመጡ። ልጄ መሬት የሚተኛው ለዚህ ነው እንጂ ተጣልታችሁ አይደለም? ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። አልሀምዱሊላህ አሉ! የኔን ሕመም ሰምተው አልሀምዱሊላህ አሉልሽ። በመሃላችን ፍቅር ያለቀ መስሏቸው ስንት ጊዜ ብቻቸውን እንዳለቀሱ ያኔ ነገሩኝ።

የጠየቅሽውን ጠየቅኳቸው። አስቻለችስ፣ ወሬውን ምን ብለው ጨረሱት አልኩ።

"ከማዕዱ ሁሉም ሲነሳ እኔና እሷ ቀረን" አሉኝ። "በልተን ጨረስን። አብሮ አደጌ እኮ ናት። ይህን ልነግርሽ ስል ውሃ ላምጣ ብለሽ ወጣሽ፤ ውሃውም ሳይመጣ ቀረ።"

ሳቅኩ። እየተነፋረቅኩ ሳቅኩ። ስንት ወር ሙሉ የፈራሁት ሰው ይህ ነበር።

ከዚያማ አልጋው የእሳቸው ሆነ በይው። አንሶላውን ማንም እንዳይነካ አሉ፤ የሚነካው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ረስተውታል። የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ልጁን ይረከቡኛል፣ እኔ ትንሽ ልተኛ። ኢምራን መጀመሪያ የቀኑን፣ ቀጥሎ የምሽቱን እንቅልፍ ተኛ። አሁን ሙሉውን ሌሊት እዚያው ነው። ለጡት ይነሳል፤ ሬድዋን ያነሳልኛል፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ አጠባዋለሁ፣ መልሰን እናጋድመዋለን፤ አንዳንዴ ያጉረመርማል፣ እጄን ሳሳርፍበት ይተወዋል። ሁሉም ሌሊት አንድ አይደለም። ትናንት አስቸግሮናል፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ። ግን ተኛ።

ሬድዋን ወገቡን ይዞ ወደ አልጋችን ተመለሰ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ትንፋሹን ለመስማት ስነሳ ስተኛ ነበር። ትንሽ ቅር አለኝ ብልሽ አትሳቂብኝ። ከሆዴ ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ ያህል ሆነብኝ። ይህንንም ለእትዬ ደሳለች ነገርኳቸው። እኔም ሬድዋንን ስድር እንደዚያው ሆኜ ነበር አሉኝ።

ጀዊሪያሽ


ጉለሌ
ታህሳስ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እቴቴ፣

የላክሽው ቅቤ ደረሰን። ለእትዬ ደሳለች ለብቻቸው የጻፍሽላቸውን ገጽ አነበብኩላቸው፤ አስደግመውኛል። መጥታ ታየናለች ወይ፣ ለምን አትመጣም ይላሉ። እኔም እላለሁ።

ጥያቄሽን ላልፈው አስቤ ነበር። ዱጉማ ሱቃችን ተዘግቶ አገኘሁት ብሎሻል፤ እኔ ደግሞ ስለ ሱቁ አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም። አንቺ መቼም አታልፊም። ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ምሳሽ እንዳይቀዘቅዝ ነው።

መጣብኝ፣ እቴቴ። ዱጉማ የመጣበት ቀን ነው። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ የክኒኑን መጠን አስተካክላልኛለች፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፣ አትደንግጪ ብላኛለች። ሬድዋን ስለ ጡጦ ማውራት ትቷል። ቁም ሣጥን ውስጥ የከተትኩትን ትናንት አውጥቶ ሚስቱ ለወለደችለት ለሱቅ ጎረቤቱ ለሙንዲር ሰጠው። እንግዲህ ታህሳስ ሳያልቅ ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከዙህር ሰላት በኋላ ኢምራንን ወንበር ላይ ተቀምጬ አጠባሁት። እንቅልፍ ሲይዘው አልጋው ውስጥ አስተኛሁትና እኔም ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ድሮ ቢሆን በዚህ ሰዓት አጠገቤ ነበር፤ ጡቴን እንደያዘ፣ ክንዴ ሥር።

ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። እትዬ ደሳለች ናቸው የነገሩኝ። አልጋዬ ግድግዳውን ሲመታ ሰምተው ገቡ። ባለፈው ክትትል አብረውኝ ሄደው ሐኪሟን ምን ላድርግ ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ እንዳለቻቸው በጎኔ አዞሩኝ፣ ከራሴ ሥር ሻሻቸውን አደረጉልኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አላስገቡም። ኢየሩ ሰምታ ክብሪት ይዛ ሮጣ መጣች፣ ጭራ ልታሸተኝ፤ እንደ ልማዳችን። ክብሪትሽን ለምድጃሽ ብለው መለሷት። ከዚያ ለሬድዋን ደወሉ፣ እሱም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ዱጉማ የደረሰው ያኔ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ራሴ የእትዬ ደሳለች ጉልበት ላይ ነበር። የት እንዳለሁ አላወቅኩም፣ ቀኑንም አላወቅኩም። ምላሴ ከብዶኛል። አልጋዬ ተናውጦ አንሶላዬ ሁሉ መሬት ወርዷል። ቀሚሴ በወተት ርሷል። ወተቱን ሳይ በእጄ ከሥሬ መዳበስ ጀመርኩ፣ ከጎኔ፣ ከጀርባዬ። መናገር አቅቶኝ ነበር፤ እንደምንም ከአፌ ወጣ።

"ልጄስ?"

"አልጋው ላይ ነው" አሉኝ። "አልነቃም እኮ።"

ዞሬ አየሁት። በአጥሩ መሃል ይታያል፤ በጀርባው ተዘርሮ፣ እጆቹን ወደ ላይ ወርውሮ፣ አፉ ተከፍቶ። ይተነፍሳል። እትዬ ደሳለች አብረውኝ ያዩታል። ሬድዋን በሩ ላይ ቆሟል፤ የሱቁ ቁልፍ እጁ ላይ እንዳለ ያለቅሳል። ሦስታችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደሆነ አውቅ ነበር። አልሀምዱሊላህ ብቻ አልን።

ትንሽ ቆይቶ ነቃና ጡት ፈለገ። እትዬ ደሳለች ከኋላ ደግፈውኝ፣ ሬድዋን ከሥር ይዞልኝ፣ አጠባሁት።

ልጅሽ ጀዊሪያ